4/3 ከየት መጣ? የሉል ይዘትን ለ8ኛ ክፍል ልጄ ማስረዳት አቃተኝ

የኮቺዋ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ ከጅማ ነኝ፣ መንደራ ኮቺ። ልጄ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ነው፣ ሂሳብ ላይ ደህና ነው ተመስገን፣ ግን የሉል ይዘት፣ እነሱ ቮልዩም ሚሉትን ማለቴ ነው፣ ከጀመሩ ወዲህ በየማታው ጭቅጭቅ ሆኗል። ፎርሙላው ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ ዙሪያው ተከቧል፣ ይዘት = 4/3 × ፓይ × ሬዲየስ ኪዩብ ይላል። ከስሩ ምንም ማብራሪያ የለውም።

ማክሰኞ ማታ ቡና እያፈላሁ መጣና እማ ይሄ 4/3 ከየት ነው የመጣው አለኝ። እኔ 12ኛ ጨርሻለሁ፣ ፎርሙላውንም አስታውሰዋለሁ፣ ግን ከየት እንደመጣ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ ዝም አልኩ። አስተማሪህን ጠይቅ ስለው ጠይቄያለሁ እኮ፣ ዝም ብለህ ያዘው ተብያለሁ አለኝ። እሱ ደግሞ ያልገባውን ነገር መሸምደድ አይሆንለትም፣ አንዴ 3/4 ይላል፣ አንዴ ሬዲየስ ስኩዌር ይላል፣ ጠዋት የያዘው ማታ ይጠፋዋል።

የቤት ስራው ላይ ደግሞ ዲያሜትሩ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኳስ ይዘቱ ስንት ነው ይላል። 904 ብሎ ሰራ። እኔ ሂሳቡን ባላውቀውም 904 ማለት እኮ ወደ አንድ ሊትር ነው አልኩት፣ 6 ሳንቲ ኳስ በእጅህ ጭብጥ ምታደርገው ነገር ነው፣ ያ ትልቁ ሃይላንድ ውሃ እንዴት አድርጎ እዛ ውስጥ ይገባል? አየኝ፣ ደብተሩን አየ፣ ከዛ አይኑ እንባ ሞላ። አንጀቴን በላኝ።

በናታችሁ ሁለት ነገር ንገሩኝ። ስህተቱ የት ጋ ነው? ያ 4/3 ደግሞ ለልጅ በሚገባ መንገድ ከየት መጣ ልበለው?

ማስጠናት ስራዬ፦

አብሽሪ እህቴ፣ ልጅሽ ብቻውን አይደለም። እኔ አጂፕ አካባቢ 7ኛና 8ኛ ክፍል ልጆች አስጠናለሁ፣ ይሄን ስህተት ማይሰራ ልጅ ገጥሞኝ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። ጥያቄው የሰጠው ዲያሜትር ነው፣ በመሃል አልፎ ከዳር እስከ ዳር ያለው፣ ፎርሙላው የሚፈልገው ሬዲየስ ነው፣ ከመሃል እስከ ዳር ያለው፣ ልጅሽ 6ን እንዳለ ሬዲየስ አድርጎ አስገባው። 6×6×6 = 216፣ በ4/3 ሲባዛ 288፣ በ3.14 ሲባዛ 904.32። አየሽ፣ ስሌቱ አንድም ቦታ አልተሳሳተም፣ ማባዛቱን ጎበዝ ነው፣ የተሳሳተው ከመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። በትክክል ሲሰራ ዲያሜትር 6 ከሆነ ሬዲየስ 3፣ 3×3×3 = 27፣ በ4 ሲባዛ 108፣ ለ3 ሲካፈል 36፣ 36 በ3.14 ሲባዛ 113.04 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ።

አሁን ሁለቱን መልስ አካፍሉት፣ 904.32 ለ113.04 ልክ 8 ይመጣል። ሬዲየሱን እጥፍ ስታደርጊው ይዘቱ እጥፍ አይሆንም፣ 2×2×2 ማለትም 8 እጥፍ ነው ሚሆነው፣ ምክንያቱም ኳሱ ወደ ጎን ብቻ አይደለም ያደገው፣ ወደ ፊትም ወደ ላይም አድጓል። ይሄን አንዴ ካየ ዲያሜትርና ሬዲየስን ሁለተኛ አያምታታም። እኔ ተማሪዎቼን ቁጥር ከመንካታቸው በፊት ከጥያቄው ላይ ዲያሜትር ወይም ሬዲየስ ሚለውን ቃል እንዲያሰምሩበት ነው ማደርገው።

ሌላው ደግሞ ኪዩብ ሲባል በ3 ማባዛት ይመስላቸዋል፣ 5 ኪዩብን 15 ይላሉ፣ 125 ነው እኮ። ፓይን መጨረሻ ላይ ያስገባው፣ ከመጀመሪያ 3.14 ካስገባ ነጥብ ያለው ቁጥር ይዞ እስከ መጨረሻ ይንገላታል። ሬዲየሱ በ7 ሚካፈል ከሆነ ደግሞ 22/7 ይጠቀም። ለምሳሌ ሬዲየስ 21 ሲሆን ኪዩቡ 9261፣ በ4/3 ሲባዛ 12348፣ ለ7 ሲካፈል 1764፣ በ22 ሲባዛ 38808፣ አንድም ነጥብ የለበትም።

እና ያንቺ የሃይላንድ ጥያቄ፣ እሱን እንዳትተዪው። መልስ ባገኘ ቁጥር ይሄ ነገር በውሃ ቢሞላ ስንት ይይዛል ብሎ ራሱን ይጠይቅ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ ማለት 1 ሚሊ ሊትር ነው።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ልጅሽ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፣ ይህን ጥያቄ ሚጠይቅ ልጅ ዝም በል ሊባል አይገባውም። እኔ በዚህ አገር በክፍል ውስጥ ብዙ ዘመን ቆሜያለሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሳስተምር የማደርገውን ልንገርሽ፣ ቤት ውስጥ ከልጅሽ ጋር ልታደርጊው ትችያለሽ፣ ምንም ብዙ ነገር አይጠይቅም።

ሂርማታ መርካቶ ወርደሽ ዲያሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የላስቲክ ኳስ ግዢ። ቢላ በእሳት አሙቀሽ ራስሽ መሃሉ ላይ ቁረጪው፣ ልጁ እንዳይቃጠል። ግማሹ ኳስ ጎድጓዳ ሳህን ይሆንልሻል፣ አፉ ከዳር ዳር 10፣ ጥልቀቱ 5። ከዛ ከካርቶን ሁለት እቃ ስሩ። አንደኛው ሲሊንደር ነው፣ ርዝመቱ 31.4፣ ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ጠቅልላችሁ በስኮች አያይዙትና ሬዲየሱ 5 የሆነ ክብ ከስሩ ለጥፉበት። ስታያይዙት ሚደራረብበት ትንሽ ትርፍ ተዉለት፣ እንጂ ጠበብ ይላል። ሁለተኛው ኮን ነው። በኮምፓስ ክብ ስሩና በፕሮትራክተር 105 ዲግሪ ለክታችሁ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ የቀረውን ጫፍ ለጫፍ ስታገናኙት አፉ 10፣ ቁመቱ 5 የሆነ ኮን ይወጣል። እንግዲህ ሶስቱም አፋቸው እኩል ነው፣ ቁመታቸውም እኩል ነው።

አሁን ጤፍ አምጪ። ስንዴም ምስርም አይሁን፣ ፍሬያቸው ትልቅ ስለሆነ በመሃላቸው ክፍተት ይተዋሉ፣ ኮኑ ጫፍ ውስጥ ደግሞ በደንብ አይገቡም። ጤፍ እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ ካርቶን ግን አያረጥብም። እህል ስለሆነ ንጹህ ጨርቅ አንጥፉበት፣ ሲያልቅ ወደነበረበት ይመለሳል። ግማሹን ኳስ ሙሉ፣ አትጠቅጥቁት፣ አፉን በማስመሪያ ጠረግ አድርጉና ሲሊንደሩ ውስጥ ገልብጡት። አይሞላም። ምን ያህል ጎደለ ብለሽ ልጁን ጠይቂው፣ መልሱን አትንገሪው። ከዛ ኮኑን ሙሉና እዛው ላይ ጨምሩ። እስከ አፉ ይሞላል።

እንግዲህ ግማሽ ኳስና ኮን ሲደመሩ ሲሊንደር ናቸው። ኮን የሲሊንደር አንድ ሶስተኛ መሆኑን ተምረው ይሆናል፣ ካልተማሩም ኮኑን ሶስት ጊዜ ሞልቶ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገልብጥና ራሱ ይየው። ስለዚህ ለግማሹ ኳስ የቀረው ሁለት ሶስተኛ ነው። ሙሉ ኳስ ደግሞ ሁለት ግማሽ ኳስ ነው፣ ሁለት ሶስተኛና ሁለት ሶስተኛ አራት ሶስተኛ ነው። ይኸው 4/3 መጣ። የዚያ ሲሊንደር ይዘት ስንት ነው? የታችኛው ክብ ስፋት ፓይ × ሬዲየስ × ሬዲየስ፣ ቁመቱም ራሱ ሬዲየስ ነው፣ ሲባዛ ፓይ × ሬዲየስ ኪዩብ። የእሱ 4/3 ነው ኳሱ።

አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ይህን ሳሳይ ሁልጊዜ ከኋላ ሚቀመጥ፣ እጁን አውጥቶ ማያውቅ ልጅ፣ ኮኑን ገና ሳልይዘው፣ መምህር የጎደለው ኮኑን ያክላል አለ። እንዴት አወቅህ ስለው በአይኔ ለካሁት አለኝ። ከዛን ቀን በኋላ ያ ልጅ ፊት መጥቶ ነው የተቀመጠው።

የፈተና ሰሞን፦

ሁሉም ጥሩ ነው ግን እውነቱን እንነጋገር፣ 8ኛ ክፍል ማለት ክልላዊ ፈተና ያለበት ክፍል ነው። ፈተናው 4/3 ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም፣ ቁጥር ሰጥቶ አስላ ነው ሚለው። ኳስ ቆርጦ ካርቶን ለጥፎ አንድ ቀን ሙሉ ከሚሄድ በዛ ሰዓት 20 ጥያቄ ይሰራ ነበር። ጤፉም ቢሆን በዚህ ኑሮ ሁሉም ቤት የለም። እኔ እህቴን ሳስጠና ፎርሙላውን ግድግዳ ላይ ለጥፌ በየቀኑ እያየችው ነው የያዘችው፣ መግባቱ 9ኛና 10ኛ ስትደርስ ይመጣል።

ማስጠናት ስራዬ፦

ወንድሜ የፈተናውን ነገር እኔም አውቀዋለሁ፣ 20 ጥያቄ መስራቱም ግድ ነው። ግን የዚህችን እናት ጥያቄ ድጋሚ አንብበው፣ ልጁ ሸምድዶ ነው እኮ 3/4 ሚለው። ጋሼ ያሉትን ያየ ልጅ 3/4 ቢጽፍ ወዲያው ይነቃል፣ ግማሽ ኳስ ሁለት ሶስተኛ ከሆነ ሙሉው ከ1 መብለጥ አለበት፣ 3/4 ደግሞ ከ1 ያንሳል። ይሄ ፈተና ላይ ነው ሚያድነው። ሰዓቱም ቢሆን ካርቶኑን ከሰራህ በኋላ መሙላቱና መገልበጡ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ጤፉ ደግሞ ሲሊንደሩ ከ400 ሚሊ አያልፍም፣ ግማሽ ኪሎ ይተርፈዋል፣ ተመልሶም ይበላል። ከሌለ በደንብ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ይሆናል።

የ3ኛ ዓመት ተማሪ፦

ጋሼ እጅዎን ይባርክ፣ እኔ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ ነው ማጠናው ግን እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። አንድ ነገር ልጨምር፣ ጤፉ እኩል መሆኑን ያሳያል፣ ለምን እኩል እንደሆነ ግን አይናገርም፣ እትዬ ልጅሽ እንደዚህ ሚጠይቅ ከሆነ ነገ ይሄንንም መጠየቁ አይቀርም።

ፓይታጎረስን፣ ማለትም 90 ዲግሪ ባለው ሶስት ማዕዘን የሁለቱ አጭር ጎኖች ስኩዌር ሲደመር የረጅሙን ጎን ስኩዌር ይሰጣል የሚለውን፣ ተምሮ ከሆነ ይገባዋል። ሬዲየሱ 5 የሆነውን ግማሽ ኳስ በአፉ ድፉት፣ ጠፍጣፋው ጠረጴዛው ላይ ይሁን። ጎኑ ላይ ደግሞ ሲሊንደሩን አስቡት፣ ውስጡ ኮኑ በሹል ጫፉ ቁልቁል ተተክሎበታል። አሁን ሁለቱንም ከጠረጴዛው 3 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሽንኩርት እንደሚከተፍ በአግድም ቁረጡ። ኳሱ ላይ ሚወጣው ክብ ነው፣ ሬዲየሱ በፓይታጎረስ 25 ሲቀነስ 9 = 16፣ ስለዚህ 4 ነው፣ ስፋቱ 16 ፓይ። ሲሊንደሩ ላይ ሙሉው ክብ 25 ፓይ ነው፣ መሃሉ ላይ ያለው ኮን እዛ ከፍታ ላይ ሬዲየሱ 3 ስለሆነ 9 ፓይ ይወስዳል፣ የሚቀረው ቀለበት 16 ፓይ። እኩል! 4 ሳንቲ ሜትር ላይ ቁረጡት፣ አሁንም እኩል ነው፣ 9 ፓይና 9 ፓይ። በየትኛውም ከፍታ ላይ እኩል ከሆነ ሙሉ ይዘታቸውም እኩል ነው፣ ስለዚህ ግማሽ ኳስ ማለት ሲሊንደር ሲቀነስ ኮን ነው። ይሄን በቁራጭ ማወዳደር ሚባለውን መንገድ ጣሊያናዊው ካቫሊየሪ በ1635 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል፣ እስካሁን በሱ ስም ነው ሚጠራው።

ውጤቱን ግን ቀድሞ ያገኘው የጥንቱ ግሪካዊ የሂሳብ ሊቅ አርኪሜዲስ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን። ኳስን ልክ በልኩ የሆነ፣ ቁመቱ የኳሱን ዲያሜትር የሚያክል (ማለትም የጋሼን ሲሊንደር ሁለት እጥፍ የሆነ) ሲሊንደር ውስጥ ብትከቱት ኳሱ የሲሊንደሩን 2/3 ይይዛል አለ፣ በዚህ ስራው ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ስለሚኮራ መቃብሬ ላይ ኳስና ሲሊንደር ይቀረጽልኝ አለ ይባላል። በ212 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሮማውያን እሱ የሚኖርባትን የሲሲሊ ከተማ ሲራኩስን ሲይዙ አንድ ወታደር ገደለው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ በ75 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሲሲሊ ውስጥ ሹመት ላይ የነበረው ሮማዊው ሲሴሮ መቃብሩን ፍለጋ ወጣ፣ ያገሩ ሰዎች እንደዚህ ያለ ነገር የለም ይሉት ነበር፣ እሱ ግን ቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ ያለች አምድ አየ፣ ጫፏ ላይ ኳስና ሲሊንደር ተቀርጿል። በዚህ ነው የለየው። እኔ ይሄን ሳነብ ፎርሙላው ሰው የደከመበት ነገር መሆኑ ነው የተሰማኝ፣ ልጅሽም ቢሰማው ደስ ይለኛል።

ጀበና ሻጯ፦

እኔ ሂሳብ አልተማርኩም እስከዚህም፣ ግን የሸክላ እቃ ስለምሸጥ ያነበብኩት ነገር ገረመኝ። ጀበና ሆዱ ከውጭ ሲታይ ትልቅ ሆኖ ቡናው ግን ትንሽ ሚሆነው ለዚህ ነው እንዴ? ደንበኞች ሁሌ ነው ሚሉኝ፣ ይሄ ሁሉ ጀበና እንዴት ይሄን ብቻ ይይዛል ይላሉ።

ማስጠናት ስራዬ፦

አዎ እህቴ፣ እንዲያውም በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ነገ ለተማሪዎቼ እሰጠዋለሁ። ሆዱን ሉል ነው ብለን እንያዘው፣ አንገቱን እንተወው። ከውጭ ዲያሜትሩ 14 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሬዲየሱ 7፣ ይዘቱ በ3.14 ሲሰላ ወደ 1436 ሚሊ። የሸክላው ውፍረት ግን ግማሽ ሳንቲ ቢሆን የውስጡ ሬዲየስ 6.5 ይሆናል፣ 6.5 ኪዩብ 274.625 ነው፣ ይዘቱ ወደ 1150 ሚሊ ይወርዳል። ግማሽ ሳንቲ ሸክላ 286 ሚሊ ወሰደ፣ ከአምስት አንድ እጅ ማለት ነው። ሬዲየሱ ሶስት ጊዜ ስለሚባዛ ትንሽ ስትቀነስ ብዙ ይጎድላል።

የኮቺዋ እናት፦

እናንተ ሰዎች ምን ብዬ ላመስግናችሁ፣ ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። ቅዳሜ ሰራነው። መጀመሪያ አልሆነም ነበር፣ ግማሹ ኳስ ሲገለበጥ ልጄ ሶስተኛው እጅ ጎድሏል ብሎ ልክ ተናገረ፣ ኮኑን ስንጨምርበት ግን ሲሊንደሩ አልሞላም፣ ብዙ ጎደለ። ልጄ ፊቱ ጠቆረ፣ እኔም ተሳሳትን እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ለኮኑ ክቡን የሰራነው በ5 ሳንቲ ነበር፣ እሱ ነው እንዴ ጋሼ? ኮኑ ራሱ ሲታይ ከኳሱ አፍ ጠበብ ያለ ነበር።

እሱ እስኪጣራ ደግሞ በብርቱካን ሞከርን። ወገቡን በክር ለካነው፣ 22 ሳንቲ ሜትር መጣ፣ በ22/7 ሲሰላ ዲያሜትሩ 7፣ ሬዲየሱ 3.5። ልጄ ራሱ ሰርቶ ወደ 180 ሚሊ ነው አለ። ጎድጓዳ ሳህን እስከ አፉ ውሃ ሞልተን ትሪ ላይ አስቀመጥንና ብርቱካኑን ስንከተው ለካ ይንሳፈፋል፣ ልጣጩ ነው መሰለኝ። በሹራብ መስሪያ ኪሮሽ ጫፍ ተጭነን አሰጠምነው፣ ትሪው ላይ የፈሰሰውን የህፃኗ ጡጦ ውስጥ ገለበጥነው፣ ሚሊው ተጽፎበታል አይደል፣ 170 ላይ ቆመ። ትሪው ላይ የቀረ ጠብታ ነበር፣ ብርቱካኑም ከላይ ከታች ትንሽ ጨፍለቅ ያለ ነው። ልጄ ጡጦውን ብርሃን ላይ ይዞ ደጋግሞ ሲያየው እኔ ዝም ብዬ እሱን ነበር ማየው።

ጡረተኛው መምህር፦

አዎ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የክቡን ሬዲየስ ሳልነግርሽ አለፍኩ። 7.1 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ክቡ ሲጠቀለል ሬዲየሱ የኮኑ ቁመት አይሆንም፣ ሰያፍ ጎኑ ነው ሚሆነው። ቁመቱ 5፣ አፉ ከመሃል እስከ ዳር 5፣ ሰያፉ በፓይታጎረስ 25 ሲደመር 25 = 50፣ የ50 ስኩዌር ሩት ከ7 ትንሽ ይበልጣል። ይህን ራሱን ልጁ ያስላው። በ5 ከሰራችሁት አፉም ቁመቱም 3.5 ገደማ ብቻ ስለሚሆን ይዘቱ ወደ ሲሶው ነው ሚወርደው፣ ስለዚህ አልሞላላችሁም። ካርቶን ካለቀባችሁ የድሮ ካሌንደር ወረቀት ይበቃል።

የኮቺዋ እናት፦

ጋሼ በ7.1 ሰራነው፣ ሞላ። ከላይ በማስመሪያ ሲጠርገው ሁለት ሶስት ፍሬ ነው ጨርቁ ላይ የወደቀው። የቤት ስራው ላይ 904ን ሰርዞ 113.04 ጻፈ፣ ከጎኑ ደግሞ ማንም ሳያዘው ትንሽ ግማሽ ኳስ፣ የመደመር ምልክት፣ ኮን፣ የእኩል ምልክት፣ ሲሊንደር ስሏል።